የሄሞግሎቢን ንክኪ ሲቆጠር፦ ግማሹ የት ገባ? የርቀት ገደቡስ ስንት ይሁን?

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌ ኦክስጅን በያዘና ባልያዘ የሰው ሄሞግሎቢን ውስጥ ያለውን የአሚኖ አሲዶች ንክኪ የሚያነጻጽር ነው። ላልያዘው 2ኤችኤችቢ (2HHB)፣ ለያዘው 1ኤችኤችኦ (1HHO) የተባሉትን የመዋቅር ፋይሎች ከፕሮቲን ዳታ ባንክ አውርጄ ባዮፓይተን በተባለው የኮድ መሣሪያ ቆጠርኩ፤ ሁለት አሚኖ አሲዶች ተነካኩ የሚባሉበትን የርቀት ገደብ 5 አንግስትሮም (የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ አምስት እጥፍ) አድርጌ። ኦክስጅን በያዘው ውስጥ ያገኘሁት የንክኪ ብዛት ከሌላው ግማሽ እንኳ አልሞላም። በአልፋና በቤታ ሰንሰለቶች መካከል ካሉት ሁለት ዓይነት መገናኛዎችም አንዱ ጭራሽ የለም። ኦክስጅን ሲገባ ንክኪዎቹ ይበጠሳሉ ማለት ነው? ደግሞ አንዱ ጽሑፍ 8 አንግስትሮም ይላል፣ ሌላው 7፣ ሌላው 4.5። ትክክለኛው የቱ ነው? የንክኪ ብዛትስ የትስስሩን ጥንካሬ ይነግረኛል?»

ምላሽ፦ ንክኪዎቹ አልተበጠሱም። ከቆጠራዎ የጎደለው የሞለኪውሉ ግማሽ ነው። 1ኤችኤችኦ ውስጥ የሰፈረው አንድ አልፋና አንድ ቤታ ሰንሰለት ብቻ ነው፤ 141 ሲደመር 146፣ በድምሩ 287 አሚኖ አሲድ። 2ኤችኤችቢ ደግሞ አራቱንም ሰንሰለቶች፣ 574 አሚኖ አሲድ ይዟል። ሄሞግሎቢን በደም ውስጥ ሥራውን የሚሠራው አራት ሰንሰለት ሆኖ ነው፤ በኤክስሬይ ክሪስታል የተገኘ መዋቅር ሲመዘገብ ግን የሚጻፈው የክሪስታሉ ትንሹ የማይደገም ክፍል ብቻ ነው። ቀሪው በሲሜትሪ ስሌት ስለሚገኝ ሁለት ጊዜ አይጻፍም። በ1ኤችኤችኦ ክሪስታል ውስጥ የሞለኪውሉ ሁለት ግማሾች በሲሜትሪ አንድ ዓይነት ስለሆኑ አንዱ ብቻ ተመዘገበ። ስለዚህ እስካሁን ያነጻጸሩት ሙሉ ሞለኪውልን ከግማሽ ጋር ነው፤ ጠፋ ያሉት መገናኛም ባልተጻፈው ግማሽና በተጻፈው መካከል ያለው ነው።

መፍትሔው ባዮሎጂካል አሴምብሊ የሚባለውን፣ ማለትም ሙሉውን ሞለኪውል የያዘውን ፋይል ማውረድ ነው። እዚህም ላይ ግን ብዙዎችን የሚጥል ጉድጓድ አለ። ፋይሉን በአሮጌው የፒዲቢ ቅርጸት ካወረዱት፣ የተባዛው ግማሽ የሚቀመጠው እንደ ሁለተኛ «ሞዴል» ሆኖ፣ የሰንሰለቶቹን ስም ሳይለውጥ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጽፈው ኮድ የመጀመሪያውን ሞዴል ብቻ አንብቦ ያልፋል። ውጤቱም ትክክለኛውን ፋይል አውርደው እንኳ ያው የቀድሞው ቁጥር ይሆናል፤ ስሕተቱም ምንም ማስጠንቀቂያ አያወጣም። አሴምብሊውን በአዲሱ፣ በሲአይኤፍ ቅርጸት ካወረዱት የተባዙት ሰንሰለቶች የራሳቸው የተለየ ስም ስለሚሰጣቸው ችግሩ ይቀራል። ካይሜራኤክስ በተባለው የመዋቅር ማሳያ ፕሮግራም ሲሜትሪውን አባዝቶ ሰንሰለቶቹን እንደገና ሰይሞ ማስቀመጥም ይቻላል። በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ ቆጠራ ከመጀመርዎ በፊት ሦስት ነገር ያረጋግጡ፤ ሰንሰለቱ አራት፣ አሚኖ አሲዱ 574፣ ሄሙ (ብረት የያዘው፣ ኦክስጅን የሚቀመጥበት ክፍል) አራት መሆኑን።

አራተኛ ማረጋገጫ ልጨምር፤ መገናኛዎቹን በስም ለመለየት ይረዳዎታል። በሄሞግሎቢን ውስጥ አንድ አልፋ ከሁለት ቤታዎች ጋር ይገናኛል። አንደኛው መገናኛ፣ አልፋ1ቤታ1 የሚባለው፣ ሰፊና ጥብቅ ነው፤ ኦክስጅን ሲገባና ሲወጣ ብዙም አይለወጥም። ሁለተኛው፣ አልፋ1ቤታ2፣ የሚንሸራተተው ነው። ኦክስጅን በሌለበት መዋቅር የአልፋ ታይሮሲን 42 ከቤታ አስፓርቴት 99 ጋር የሃይድሮጅን ቦንድ የሚሠራው በዚህኛው መገናኛ ላይ ነው። ኦክስጅን በያዘው ደግሞ ይህ ይለቅና በምትኩ የአልፋ አስፓርቴት 94 ከቤታ አስፓራጂን 102 ጋር ይያያዛል። የሰንሰለት ፊደል አይመኑ፤ በየፋይሉ ሊለያይ ይችላል። የታይሮሲን 42ን ኦክስጅን ከአስፓርቴት 99 ኦክስጅኖች ያለውን ርቀት ይለኩ፤ በ2ኤችኤችቢ ከ3.5 አንግስትሮም በታች የሚወጣበት የሰንሰለት ጥንድ አልፋ1ቤታ2 ነው።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ፓይሞል በተባለው የመዋቅር ማሳያ ፕሮግራም የሲሜትሪ ጎረቤቶችን በሙሉ ጠርቶ ያገኘውን ሁሉ የሚቆጥር ሰው፣ ክሪስታሉ ውስጥ ስለታሸጉ ብቻ የተነካኩ ሞለኪውሎችን እንደ ሕይወታዊ ንክኪ ይመዘግባል። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ በደም ውስጥ የሉም። «አብዛኛውን ጊዜ» ያልኩት በዚሁ ፕሮቲን ላይ ታዋቂ የሆነ ልዩ ሁኔታ ስላለ ነው። በሲክል ሴል በሽታ የቤታ ሰንሰለት ግሉታሜት 6 በቫሊን ይተካል፤ ይህ ቫሊን በሌላ የሄሞግሎቢን ሞለኪውል ቤታ ሰንሰለት ላይ በፌኒልአላኒን 85 እና በሉሲን 88 መካከል ባለው ኪስ ውስጥ ይገባል። 2ኤችቢኤስ የሚባለው መዋቅር ሁለት ሙሉ ሞለኪውሎች አንድ ላይ ስላሉበት ይህን የሞለኪውል ለሞለኪውል ንክኪ በግልጽ ያሳያል። እዚያ ላይ «ይህ የክሪስታል ንክኪ ነው» ብሎ መጣል ዋናውን ነገር መጣል ይሆናል። ደግሞም ከየሞለኪውሉ ሁለት ቫሊኖች ወደዚያ ኪስ የሚገባው አንዱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሁለቱን አማካይ መውሰድ ትርጉም የለውም።

ቁጥር ካነሣን አይቀር፤ ይህንኑ ሚውቴሽን ዩኒፕሮት በተባለው የፕሮቲን ቅደም ተከተል ዳታቤዝ ላይ በ6 ከፈለጉት አያገኙትም። ዩኒፕሮት ፕሮቲኑ ሲሠራ የሚቆረጠውን መነሻ ሜቲዮኒን 1 ብሎ ይጀምራል፤ የ2ኤችኤችቢ ቁጥር ደግሞ ከቫሊን 1 ይነሣል። የአንድ ልዩነት ነው፤ ነገር ግን የንክኪ ሰንጠረዥን ከሚውቴሽን ሰንጠረዥ ጋር ሲያገናኙ እያንዳንዱ መስመር በአንድ ይዛነፋል። በሲአይኤፍ ፋይሎች ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓይነት ቁጥርና ሁለት ዓይነት የሰንሰለት ስም ጎን ለጎን አለ፤ አንዱ አጥኚዎቹ የሰጡት፣ ሌላው ዳታ ባንኩ ራሱ ያወጣው። ባዮፓይተን በራሱ ካልነገሩት የአጥኚዎቹን ይወስዳል፣ ሌሎች መሣሪያዎች ሁለተኛውን ሊወስዱ ይችላሉ። የሁለት መሣሪያ ውጤት ከማዋሐድዎ በፊት የአሚኖ አሲዱ ስምና ቁጥር በአንድ ላይ መግጠማቸውን በኮድ ይፈትሹ። በቤታ ሰንሰለት 99 ላይ አስፓርቴት ካልመጣ ያቁሙ።

አሁን ወደ ገደቡ። «ትክክለኛው የቱ ነው» የሚለው ጥያቄ በዚህ መልኩ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም ያነበቧቸው ጽሑፎች የተለያየ ነገር እየለኩ ነው። 8 አንግስትሮም የሚሉት በአብዛኛው በሁለት ቤታ ካርበኖች (ከቤታ ሰንሰለት ጋር ሳይምታታ፣ የጎን ሰንሰለቱ የመጀመሪያ ካርበን ነው) መካከል ያለውን ርቀት ነው፤ ግላይሲን ቤታ ካርበን ስለሌለው በአልፋ ካርበኑ፣ የጎን ሰንሰለት በሚነሣበት በዋናው ሰንሰለት ላይ ባለው ካርበን፣ ይተካል። ይህ የንክኪ ካርታን ከቅደም ተከተል የሚተነብዩ ሰዎች የተስማሙበት መለኪያ ነው፤ ካስፕ የተባለው የፕሮቲን መዋቅር ትንበያ ውድድርም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። 7 አንግስትሮም የሚሉት በአልፋ ካርበኖች መካከል ሆኖ የፕሮቲኑን እንቅስቃሴ እንደ ስፕሪንግ መረብ ለሚያሰሉ ሞዴሎች የሚውል ነው። 4.5 የሚሉት ደግሞ ከሃይድሮጅን ውጭ ካሉት የሁለቱ አሚኖ አሲዶች አተሞች መካከል በጣም የተቀራረቡትን ሁለቱን ወስዶ የሚለካ ነው። ሦስቱም በየቦታቸው ልክ ናቸው፤ አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት ግን ልክ አይደለም።

ለእርስዎ ሥራ የቤታ ካርበን መለኪያ አይሆንም። ምክንያቱ አርጂኒን ላይ በደንብ ይታያል። የአርጂኒን የጎን ሰንሰለት ሲዘረጋ ከቤታ ካርበኑ እስከ ጫፉ ናይትሮጅን 6 አንግስትሮም ገደማ ነው። ጫፉ የአስፓርቴትን ኦክስጅን በ2.8 አንግስትሮም ይዞ ሳለ የሁለቱ ቤታ ካርበኖች ርቀት 10 ሊሞላ ይችላል። የ8 ገደብ ይህን ንክኪ «የለም» ይለዋል። በተቃራኒው ደግሞ ጀርባ ለጀርባ የዞሩ፣ የጎን ሰንሰለታቸው የማይገናኝ ሁለት አሚኖ አሲዶች በ7 አንግስትሮም ላይ ተቀምጠው እንደ ንክኪ ይቆጠራሉ። ሄሞግሎቢን ቅርጹን ሲለውጥ ዋናውን ሚና የሚጫወቱት የአርጂኒን፣ የላይሲን፣ የሂስቲዲንና የአስፓርቴት ጫፎች ናቸው፤ የቤታ ካርበን መለኪያ ደግሞ ዕውር የሚሆነው በትክክል እነሱ ላይ ነው።

በአተሞች መለኪያ 4.5 ከየት መጣ? የካርበን የቫን ደር ዋልስ ራዲየስ 1.7 አንግስትሮም ስለሆነ ሁለት ካርበኖች የሚነካኩት 3.4 አካባቢ ነው፤ በተግባር በደንብ የታሸገ ፕሮቲን ውስጥ የሚመቻቸው ርቀት ወደ 4 ይጠጋል። የውሃ ሞለኪውል ስፋት 2.8 ያህል ስለሆነ በሁለት ካርበኖች መካከል ቀጥ ብሎ ለመግባት ርቀታቸው ከ6.2 በላይ መሆን አለበት። ስለዚህ 4.5 ላይ ያሉ ሁለት አተሞች በመካከላቸው ምንም የማይገባባቸው እውነተኛ ጎረቤቶች ናቸው። 5 አንግስትሮምም በዚያው ክልል ውስጥ ስለሆነ የእርስዎ ገደብ በራሱ ስሕተት አልነበረም። 6 እና ከዚያ በላይ ሲኬድ ግን መነካካት መሆኑ ቀርቶ ሰፈርተኝነት ይሆናል።

ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት ፋይሉ መጽዳት አለበት፤ ብዙ ሰው ሰዓቱን የሚያባክነው ይህን ዘሎ ስለሚሄድ ነው። የባዮፓይተን የጎረቤት ፍለጋ የሰጡትን አተም ሁሉ ይቀበላል፤ ውሃን ካላወጡ እያንዳንዱ የውሃ ሞለኪውል ራሱን እንደቻለ አሚኖ አሲድ ተቆጥሮ ሰንጠረዡን ያጥለቀልቀዋል። ውሃን ለማውጣት ብለው ግን «ሄትአተም» (ከተለመዱት አሚኖ አሲዶች ውጭ ላሉ አተሞች የሚሰጥ ምልክት) ተብሎ የተመዘገበውን ሁሉ አይጣሉ፤ ሄሙም የተመዘገበው እዚያ ውስጥ ነው። ሄሙን ከጣሉ የአልፋ ሂስቲዲን 87 እና የቤታ ሂስቲዲን 92 ከብረቱ ጋር ያላቸው ትስስር፣ የለውጡ ሁሉ መነሻ፣ አብሮ ይጠፋል። ሄሙን ያቆዩ፤ በሰንጠረዡ ውስጥ ግን ለብቻው ያስቀምጡት። በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ሴሌኖሜቲዮኒን የተባለው የተለወጠ አሚኖ አሲድም እንዲሁ ሄትአተም ሆኖ ስለሚመዘገብ በዚሁ መጥረጊያ ተጠርጎ ይሄዳል።

አንድ አሚኖ አሲድ በሁለት አቀማመጥ የተመዘገበ ከሆነ ባዮፓይተን ድርሻው ከፍ ያለውን ይመርጣል። ድርሻቸው እኩል፣ 0.5 እና 0.5፣ ከሆነ አንድ ሕግ አውጥተው በሁለቱም ፋይሎች ላይ እኩል ይጠቀሙ። ሁለቱንም አቀማመጥ አንድ ላይ መቁጠር በአንድ ጊዜ ሊኖሩ የማይችሉ ንክኪዎችን ይፈጥራል። ሃይድሮጅንን በተመለከተ፣ ሁለቱ የኤክስሬይ መዋቅሮችዎ ሃይድሮጅን ስለሌላቸው ለርቀት ቆጠራ አይጨምሩበት። ወደፊት ከኤንኤምአር፣ ሃይድሮጅንንም ከሚመዘግብ ሌላ ዘዴ፣ የተገኘ መዋቅር ካከሉ ግን ሃይድሮጅኖቹን አውጥተው ይለኩ፤ አለዚያ ያው ገደብ በአንዱ ላይ የበለጠ ንክኪ ይሰጣል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው የአስፓራጂን፣ የግሉታሚንና የሂስቲዲን አቅጣጫ ነው። ኤክስሬይ በተለመደው ሪዞሉሽን (የምስል ጥራት) ናይትሮጅንን ከኦክስጅን ወይም ከካርበን በደንብ ስለማይለይ የነዚህ የጎን ሰንሰለቶች ጫፍ በ180 ዲግሪ ተገልብጦ ሊመዘገብ ይችላል። ርቀቱ ብዙም አይለወጥም፤ የሃይድሮጅን ቦንድ ሰጪና ተቀባይ ግን ይገለበጣሉ፣ «ቦንድ ነው» ያሉትም ሁለት ኦክስጅኖች የተፋጠጡበት ይሆናል። ሪዲውስ የተባለው ፕሮግራም፣ በሞልፕሮቢቲ በኩልም የሚገኘው፣ ይህን ፈትሾ ያርማል። ቤታ አስፓራጂን 102 ለጥናትዎ ቁልፍ ስለሆነ ይህን ደረጃ መዝለል አይችሉም።

ሲቆጥሩ በአንድ ሰንሰለት ውስጥ ቅደም ተከተላቸው የተጠጋጋ ጥንዶችን ያውጡ። ጎረቤት አሚኖ አሲዶች በሰንሰለቱ ስለተያያዙ የግድ ይነካካሉ፤ በአልፋ ሄሊክስ፣ ማለትም እንደ ጠመዝማዛ በተጠቀለለው የሰንሰለት ክፍል፣ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ከአራተኛው ጋር ይያያዛል። ሄሞግሎቢን ከሞላ ጎደል ሄሊክስ ብቻ ስለሆነ እነዚህን ካላወጡ ቁጥርዎ የሚናገረው ስለ ሄሊክስ እንጂ ስለ ሰንሰለቶች ግንኙነት አይሆንም። የቁጥር ልዩነታቸው ቢያንስ 5 የሆነውን ብቻ ይያዙ። ይህ ማጣሪያ ግን ለአንድ ሰንሰለት ብቻ ነው። የቁጥር ልዩነትን ሰንሰለት ሳይለይ የሚያጣራ ኮድ፣ በሁለት የተለያዩ ሰንሰለቶች ላይ ሆነው ቁጥራቸው የተቀራረበ እውነተኛ ንክኪዎችን አብሮ ይሰርዛል፤ ይህን ስሕተት በተማሪ ኮድ ውስጥ ደጋግመው ያገኙታል።

ከዚያ ንክኪዎቹን በዓይነት ይለዩ። ለሃይድሮጅን ቦንድ በሰጪውና በተቀባዩ አተም መካከል ያለው ርቀት እስከ 3.5 አንግስትሮም ይሁን፤ ሃይድሮጅን ከተጨመረ በኋላ ደግሞ በሃይድሮጅኑ ላይ የሚለካው ማዕዘን ከ120 ዲግሪ አይነስ። አሉታዊና አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ባላቸው ጫፎች መካከል ለሚፈጠረው ሶልት ብሪጅ የናይትሮጅንና የኦክስጅን ርቀት እስከ 4.0 መሆኑ የቆየ ልማድ ነው። ውሃን ለሚጠሉ የጎን ሰንሰለቶች ካርበን ለካርበን 4.5 ይበቃል። ሂስቲዲን ላይ ግን ቆም ይበሉ፤ የኤሌክትሪክ ሙሉ በፒኤች (በአካባቢው አሲድነት) ይወሰናል፣ የመዋቅር ፋይሉም ሃይድሮጅን ስለሌለው ይህን አይነግርዎትም።

እዚህ ላይ በሄሞግሎቢን ብቻ የሚገጥም አንድ ወጥመድ አለ። የቤታ ሂስቲዲን 146 በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያለ ሲሆን ኦክስጅን በሌለበት ሁለት ነገር ይይዛል። በመጨረሻው ካርቦክሲል የሌላውን ሰንሰለት፣ የአልፋን ላይሲን 40፣ ይይዛል፤ በቀለበቱ ደግሞ የራሱን ሰንሰለት አስፓርቴት 94። ለቦር ውጤት፣ ማለትም ሄሞግሎቢን በአሲድ ውስጥ ኦክስጅኑን ቶሎ ለመልቀቁ፣ ትልቅ ድርሻ ያለው ሁለተኛው ነው። በሰንሰለቶች መካከል ያለውን ንክኪ ብቻ የሚቆጥር ሥራ ግን ይህን አያየውም። የአልፋ አርጂኒን 141ም እንዲሁ የሚይዘው ቤታን ሳይሆን የሌላውን አልፋ አስፓርቴት 126 እና ላይሲን 127 ነው። ስለዚህ ሰንጠረዥዎ አልፋ ከቤታ፣ አልፋ ከአልፋ፣ ቤታ ከቤታ፣ እንዲሁም በአንድ ሰንሰለት ውስጥ ያለውን ሁሉ ይያዝ። በኮድዎ የጫፉን ካርቦክሲል ሁለተኛ ኦክስጅን መርሳት ደግሞ ሌላው የተለመደ ጉድለት ነው፤ ስሙ ከሌሎቹ ስለሚለይ «የአሚኖ አሲድ አተሞች» ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ ይቀራል።

ሁለቱን መዋቅር ሲያነጻጽሩ አንዱን ገደብ በሁለቱም ላይ ተጠቅሞ መቀነስ አይበቃም። በአንዱ 4.4፣ በሌላው 4.6 የሆነ ጥንድ በወረቀት ላይ «የጠፋ ንክኪ» ሆኖ ይመዘገባል፤ ልዩነቱ ግን 0.2 አንግስትሮም ነው፣ የ1ኤችኤችኦ ሪዞሉሽን ደግሞ 2.1 ስለሆነ የአተሞቹ አቀማመጥ ራሱ ከዚህ የጠራ አይደለም። ሁለት ገደብ ያድርጉ። በአንዱ ከ4.0 በታች ሆኖ በሌላው ከ5.0 በላይ የሆነው ብቻ «ተለወጠ» ይባል፤ በመካከል የወደቀው ያልተወሰነ ተብሎ ለብቻው ይቀመጥ። የዘፈቀደውን መጠን ለማወቅም ሌላ ፋይል አያስፈልግዎትም፤ በ2ኤችኤችቢ ውስጥ የሚንሸራተተው መገናኛ ሁለት ጊዜ፣ አልፋ1ቤታ2 እና አልፋ2ቤታ1 ሆኖ፣ ለየብቻ ተመዝግቧል። ሁለቱ መመሳሰል ሲገባቸው የሚለያዩበት መጠን የመለኪያዎ ስሕተት ነው። በ1ኤችኤችኦ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ሁለተኛው በስሌት የተባዛ ስለሆነ ሁልጊዜ ፍጹም እኩል ይወጣል።

ደግሞ መዋቅሮቹን አንዱን በሌላው ላይ ማስደራረብ አያስፈልግም። ርቀቱ የሚለካው በየመዋቅሩ ውስጥ ስለሆነ ማስደራረቡ ቁጥሩን አይለውጥም፤ የሚጠቅመው ለሥዕል ነው።

ይህን ሁሉ ከሠሩ በኋላ የሚያገኙት ውጤት ከጠበቁት የተለየ ይሆናል። ኦክስጅን ሲገባ አንዱ የአልፋቤታ ጥንድ በሌላው ላይ ወደ 15 ዲግሪ ይዞራል፤ የሚሆነውም የንክኪ መለዋወጥ ነው። ለሥራዎ ማረጋገጫ ቤታ ሂስቲዲን 97ን ይመልከቱ። ኦክስጅን በሌለበት በአልፋ ትሪዮኒን 41 እና ፕሮሊን 44 መካከል ተቀምጧል፤ ኦክስጅን ሲገባ በሄሊክሱ ላይ አንድ ዙር ተንሸራትቶ በትሪዮኒን 38 እና በትሪዮኒን 41 መካከል ይገባል። ኮድዎ ይህን ካላሳየ ሌላውን ውጤት አይመኑት። የጫፎቹ ሶልት ብሪጆች ግን በእርግጥ ይለቃሉ። እነሱ ላይ «የለም» ከማለትዎ በፊት የቢ ፋክተሩን፣ የአተሙን መወዛወዝ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ይመልከቱ፤ የለቀቀ ጫፍ ስለሚወዛወዝ በፋይሉ ላይ የተጻፈው ቦታ ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጥንካሬ፦ የንክኪ ብዛት ጉልበት አይደለም፤ ሕዝብ ቆጠራ የሀብት መጠን እንደማይነግር ሁሉ። አንድ የተቀበረ ሶልት ብሪጅ ለመሠራት አስቀድሞ ሁለቱን ሙሎች ከውሃ መነጠል ስላለበት ያተረፈው ጉልበት ትንሽ፣ አንዳንዴም ኪሳራ ሊሆን ይችላል። በላይ በኩል ያለ የላይሲን ጫፍ አምስት አተም ቢነካም ቢለቅም ለውጥ ላያመጣ ይችላል። ንክኪው ወሳኝ መሆኑን የሚነግረው ያንን ንክኪ ያፈረሰ ሚውቴሽን ነው፤ ሄሞግሎቢን ደግሞ በዚህ የታደለ ፕሮቲን ነው። በሄሞግሎቢን ኬምፕሲ ቤታ አስፓርቴት 99 በአስፓራጂን ተተክቷል። ኦክስጅን የሌለበትን ቅርጽ የሚይዘው ቦንድ ስለሚዳከም ሞለኪውሉ ወደ ሌላው ቅርጽ ያደላል፤ ኦክስጅንንም አጥብቆ ይይዛል። በሄሞግሎቢን ካንሳስ ቤታ አስፓራጂን 102 በትሪዮኒን ተተክቷል፤ አሁን የሚፈርሰው ኦክስጅን የያዘውን ቅርጽ የሚደግፈው ቦንድ ስለሆነ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። በእያንዳንዳቸው የተነካው አንድ ቦንድ ብቻ ነው፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ። በጠቅላላ ቆጠራ ውስጥ ሁለቱም ከመቶዎች አንድ መስመር ብቻ ናቸው። ስለ መገናኛው ስፋት አንድ ቁጥር ካስፈለገዎት ፒሳ የተባለው የመገናኛ ማስሊያ ፕሮግራም የሚያሰላውን ከውሃ የተሸፈነ ስፋት ይጥቀሱ፤ እሱም ቢሆን የጉልበት መለኪያ እንዳልሆነ አብረው ይጻፉ።

ምናልባት መዋቅሮቹን አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በሚሰጠው ትንበያ ልተካ ብለው ካሰቡ፣ ለዚህ ጥያቄ አይሆንም። በዳታቤዙ ያለው ትንበያ በአብዛኛው ነጠላ ሰንሰለት ነው፣ ሄም የለውም፣ ኦክስጅን ያለበትንና የሌለበትን ሁኔታም አይለይም። በሌላ ፕሮቲን ላይ ከተጠቀሙበት ደግሞ የቢ ፋክተር ዓምዱ ላይ የተጻፈው የመተማመኛ ነጥብ መሆኑን ይወቁ። ቢ ፋክተር ሲበዛ መጥፎ ነው፣ ይህ ነጥብ ሲበዛ ጥሩ ነው፤ የድሮ ማጣሪያ ኮድ ሳይታረም ከሄደ አስተማማኙን ጥሎ የማያስተማምነውን ያስቀራል።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ በአማራጭም አላቀርበውም። የሁለቱንም ባለአራት ሰንሰለት አሴምብሊ በሲአይኤፍ ያውርዱ፣ በሪዲውስ ይፈትሹ፣ ውሃን አውጥተው ሄሙን ያቆዩ። ከሃይድሮጅን ውጭ ባሉ አተሞች በ4.5 አንግስትሮም ይቁጠሩ፤ ለውጥን በ4.0 እና በ5.0 ሁለት ገደብ ይወስኑ፤ ቦንዶችን በየራሳቸው መስፈርት ይለዩ። ያንኑ ቆጠራ በ4.0 እና በ5.0 ደግመው በአባሪ ላይ ያስቀምጡ፤ ገደቡ ሲለወጥ የሚገለበጥ ድምዳሜ ካለ ከጽሑፉ ይውጣ። በዘዴ ክፍሉ የፋይሎቹን መለያ፣ የአሴምብሊ ቁጥሩን፣ የትኞቹ አተሞች እንደተለኩ፣ ገደቡን፣ የቅደም ተከተል ልዩነቱን፣ የሁለት አቀማመጥ ሕጉንና የባዮፓይተኑን ቨርዥን ይጻፉ። «ንክኪ በ5 አንግስትሮም ተሰላ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ጽፈው ካለፉ ሥራውን ማንም ሊደግመው አይችልም፤ ፈታኝዎም መጀመሪያ የሚጠይቅዎት «የትኞቹ አተሞች?» ብሎ ነው።